ቀጥቃጮቹ ለምን የብቻቸው ቀለም ወጣላቸው?

ልጄ፣ የዲኤንኤ ናሙና ልትሰበስቢ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ልትወርጂ ነው አሉኝ። ከመውጣትሽ በፊት ይህችን ያዢልኝ።

1. የወሰድሽው ደም የማን እንደሆነ አጣሪ። ከአንድ መንደር የመጡት ወንድማማቾችና የአክስት ልጆች ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ቤተሰቡን ራሱን የቻለ ሕዝብ አድርጎ ያሳይሻል።

2. ባለቀለሙን ሥዕል እንደ ዘር ሐረግ አታንብቢው። ሥዕሉን የሚያወጣው «አድሚክስቸር» የተባለው ፕሮግራም ሰዎችን የሚከፋፍለው አንቺ በሰጠሽው የቡድን ቁጥር ነው፤ አምስት ካልሽው አምስት ቀለም ያወጣል፣ ስድስት ካልሽው ስድስት። እዚያው የምትሄጂበትን የአሪን ሕዝብ ተመልከቺ። ብረት ቀጥቃጮቹ ተንቀው የኖሩ ናቸው፤ ገበሬው ልጁን አይድርላቸውም ነበር። መረጃቸው ሲተነተን የብቻቸው ቀለም ወጣላቸው። ይህም «ቀጥቃጮቹ ገበሬው ሳይመጣ የነበሩ የአዳኞች ቅሪት ናቸው» ለሚለው አሮጌ መላ ምት ማስረጃ መሰለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ጥያቄውን ከሌላ በኩል ያዙት። ቀጥቃጩንም ገበሬውንም ከገዛ ወገናቸው ጋር ማመሳከሩን ትተው ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ብቻ ሲያነጻጽሯቸው ልዩነቱ ጠፋ። ምንጫቸው አንድ ነው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀለሙን የፈጠረው መገለሉ ነበር። ጥቂት ሰዎች እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ፣ አንዱ የጂን ዓይነት በዕድል ይበዛል፣ ሌላው ይጠፋል፤ በጥቂት ትውልድ ከጎረቤታቸው የራቁ ይመስላሉ። ፕሮግራሙ ይህን ከጥንታዊ ባዕድነት አይለይም። መለየት ያንቺ ሥራ ነው። አንድ ተመራማሪ እዚያ ላይ ቢቸኩል ኖሮ ለንቀቱ የሳይንስ ማኅተም ይመታለት ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያስደነግጠኛል።

3. ስትሳሳቺ በአደባባይ አርሚ። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከምዕራብ ዩራሲያ የተመለሰ ዘር መላውን አፍሪካ እንዳዳረሰ ተጽፎ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አንድ የፋይል ማዛመጃ ደረጃ መዘለሉን ገልጸው ያንን ድምዳሜ ሻሩት፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግን ጸና። ክብራቸው አልቀነሰም፣ በእኔ ዘንድ እንዲያውም ጨምሯል።

4. ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ። ጂንካ ላይ ለባለሥልጣን አስረክበሽ አትምጪ፤ ቀጥቃጩ ቤት ገብተሽ፣ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጠሽ፣ በአሪኛ የሚያስረዳልሽ ሰው ይዘሽ ንገሪያቸው።