የማያቋርጥ የስበት ሞገድ ፍለጋ

በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው እስከ ዛሬ ያልተገኘ፣ ሆኖም ብዙ ሊቃውንት ሳይታክቱ የሚፈልጉትን ነገር ነው። እርሱም በፍጥነት ከሚሽከረከሩ የኒውትሮን ከዋክብት ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው የማያቋርጥ የስበት ሞገድ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር ምን ያስተምራል? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የኒውትሮን ኮከብ ምንድን ነው?

ከፀሐይ እጅግ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ በገዛ ክብደቱ ይደረመሳል፤ ውጫዊው ክፍል ደግሞ በታላቅ ፍንዳታ ይበተናል። የሚቀረው እምብርት በክብደት ከፀሐያችን የሚበልጥ ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1967 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረችው ጆስሊን ቤል በእኩል ጊዜ የሚደጋገም የሬዲዮ ምልክት ከሰማይ አገኘች፤ ምንጩም የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። እንዲህ ያለው ኮከብ ፐልሳር ይባላል። በ1054 ቻይናውያን መዝግበው ካቆዩት ፍንዳታ የቀረው የክራብ ፐልሳር በአንድ ሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል።

2. ሞገዱ ከወዴት ይመጣል?

አልበርት አይንስታይን በ1916 እንዳስረዳው፣ የከባድ አካላት እንቅስቃሴ ጠፈርንና ጊዜን የሚያናውጥ ሞገድ ያስነሣል። በሁሉም ጎኑ እኩል የሆነ ኮከብ ቢሽከረከር ሞገድ አያወጣም። በቅርፊቱ ላይ ጥቂት ጉብታ ካለ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያናውጣል። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ሞገድ ከሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ውሕደት የመጣ ነበር፤ እንደ ነጎድጓድ ድንገት ተሰምቶ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ አለፈ። እኛ የምንናገርለት ግን እጅግ ደካማ፣ ነገር ግን እንደ በገና አውታር ሳያቋርጥ የሚያንጎራጉር ነው።

3. ፍለጋው ለምን ይከብዳል?

በአሜሪካ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን የሚገኙት የላይጎ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፤ በጣልያን ያለው የቨርጎ ክንዶች 3 ኪሎ ሜትር ናቸው። ደካማው ምልክት ከጫጫታው እንዲለይ የብዙ ወራት መዝገብ መደመር አለበት። ይሁን እንጂ ምድር በራስዋም በፀሐይ ዙሪያም ስለምትዞር፣ የሚቀርብና የሚርቅ መኪና ጡሩምባ ድምፁ እንደሚለዋወጥ ሁሉ ሞገዱም ይለዋወጣል። በሬዲዮ የታወቀ ፐልሳር ሲሆን ማረሙ ይቀላል። ላልታወቀ ኮከብ ግን የሰማይን አቅጣጫና የመሽከርከርን ፍጥነት ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን ለዚሁ ስሌት ያውሳሉ። ሌላም ችግር አለ፤ ከክራብ ፐልሳር የሚጠበቀው ሞገድ በሴኮንድ ወደ 60 የሚጠጋ ሲሆን፣ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሥመርም በዚሁ ልክ ያጉረመርማል።

4. ዝምታው ምን ነገረን?

እስከ አሁን የተረጋገጠ ምልክት የለም። ይሁንና «አልሰማንም» ማለትና «ከዚህ መጠን የሚበልጥ ሞገድ የለም» ማለት ይለያያሉ፤ ሁለተኛውን ለመናገር የመሣሪያን አቅም በትክክል ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሰው ሠራሽ ምልክት በመሣሪያው ውስጥ አስገብተው ፍለጋቸው ያገኘው እንደሆነ ይፈትናሉ። ምልክት የመሰለውም ሁሉ የመሣሪያ ጫጫታ እንዳይሆን ደጋግሞ ይመረመራል።

በዚህ መንገድ ብዙ ታውቋል። የክራብ ፐልሳር ቀስ በቀስ ፍጥነቱን እየቀነሰ ኃይል ያጣል፤ ከዚህ ኃይል በስበት ሞገድ የሚወጣው ከሺህ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ተረጋግጧል። እጅግ ፈጣን በሆኑ አንዳንድ ፐልሳሮች ላይ ደግሞ ጉብታው አንድ ሚሊሜትር አይደርስም። ሞገዱ አንድ ቀን ቢሰማ፣ በምድር ቤተ ሙከራ ሊሠራ የማይችለው የእነዚህ ከዋክብት ውስጣዊ ባሕርይ ይገለጣል።

በዚህ ሥራ የደከሙ አንዳንዶች ሞገዱን ሳይሰሙ ዕድሜያቸው ሊያልፍ ይችላል። ትተውት የሚያልፉት በሐቅ የተለካ ወሰን ግን ለሚከተሏቸው መነሻ ይሆናል። የሚጓጉለትን ነገር ሳያገኙ «አገኘን» አለማለት ከዕውቀት መሠረቶች አንዱ መሆኑን ከእነርሱ እንማራለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በሁሉም ጎኑ እኩል የሆነ ኮከብ ሞገድ የማያወጣው ለምንድን ነው?
ለ) አለማግኘት ዕውቀት የሚሆነው መቼ ነው?