የውሻ ሞትና የሕፃናት ሐዘን በመርካቶ አካባቢ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ግቢዎች ውሻ በአብዛኛው ለጥበቃ ይያዛል፤ ለሕፃናት ግን የጨዋታ ጓደኛም ነው። ሲሞት አንዳንድ ወላጆች ሐዘኑን ለማቅለል «ጠፋ» ወይም «ሄደ» ይላሉ። ይህ መደበቅ ሁለት ጉዳት አለው።

የመጀመሪያው ሥነ ልቦናዊ ነው። ስፒስና ብሬንት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዳሰሳ እንደተመለከተው፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ሞት የማይቀለበስ መሆኑን የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። «ሄደ» የተባለ ሕፃን ግን መመለሱን ይጠብቃል።

ሁለተኛው የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። ሞቱ በግልጽ ሲነገር «ነክሶህ ወይም ቁስልህን ልሶህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ባህላችን የሰውን ሞት በመርዶ ያረዳል፤ ለሕፃኑም እንዲሁ በተረጋጋ ቃል «ሞቷል፣ አይመለስም» ሊባል ይገባል። አዲስ ውሻ የሚታሰበው ሕፃኑ አልቅሶ ሲረጋጋና ራሱ ሲፈልግ ነው፤ ይኸውም የሞተው ምትክ ሆኖ ሳይሆን በራሱ ስም፣ ክትባቱንም ተከትቦ ሊሆን ይገባል።