ሥራው ለውጭ ባለሙያ ሲሰጥ

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። አዲስ አበባ ያመለከትሁበት ድርጅት ቦታውን ለውጭ አገር ሰው ሰጠው። ሕጉ ለአገር ልጅ አያስብም? አሁን የውጭ ሠራተኛ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል።
ከራቤል

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተምሮ ሥራ ማጣት ከባድ ነውና ቅሬታዎ ይገባኛል። ሕጉ ግን ያስብልዎታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም፤ ፈቃዱ ለ3 ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሰውየው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑ ሲረጋገጥም ሊሰረዝ ይችላል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ባለሀብቱ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በተወሰነ ጊዜ በውጭ ባለሙያዎቹ ቦታ እንዲተካ ያዛል።

ብዙ ጊዜ ቀጣሪው የሚፈልገው ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የተግባር ልምድ ነው። ስለዚህ ያልተመረጡበትን ምክንያት በትሕትና ይጠይቁ፤ በራስዎ የሠሩትን ፕሮግራም ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ፤ በ2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠና ይውሰዱ፤ ከውጭ ባለሙያ ሥር በረዳትነት መሥራትንም አይናቁ።

ያለ ፈቃድ የተቀጠረ መኖሩን ከጠረጠሩ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያመልክቱ፤ አስቀድመው የሠራተኛ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ። ተቀጣሪው ግን እንጀራውን ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። የእኛም ልጆች አሜሪካ ውስጥ በኤች ዋን ቢ የባለሙያ ሥራ ቪዛ ይሠራሉ፤ እዚያም ተመሳሳይ ቅሬታ ይነሣል። ጥያቄዎን ለአሠሪውና ለሕግ አስከባሪው ያቅርቡ።