ስለ ቀድሞ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች የባትሪ መሙያ መሣሪያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የተሠሩት ትራያምፍ፣ ቢ.ኤስ.ኤ. እና ኖርተን የተባሉት ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ታድሰው ይነዳሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃቸውን አብዛኛውን የሠራው የበርሚንግሃሙ የሉካስ ኩባንያ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛው «የሉካስ ይላክልኝ» ብሎ ቢጽፍ ነጋዴው ገና ምንም አልተነገረውም፤ የሉካስ መሣሪያ በየጊዜው ዓይነቱን ለውጧልና።

የቀድሞው ዓይነት ዲናሞ ነው። የተለመደው ባለ 6 ቮልቱ ዲናሞ ኃይሉ 60 ዋት ሲሆን፣ መብራቶቹ ከሚፈጁት ብዙ የሚተርፍ አይደለም። በመቈጣጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ እየተነካኩ የሚለያዩት የብረት ጫፎች በዘመን ብዛት ስለሚቃጠሉ፣ ዛሬ በኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ ይተካሉ። የሚያስደንቀውም ያው ዲናሞ የሽቦ ጥቅሉ ሳይነካ፣ ባትሪው፣ አምፑሉና ጥሩምባው ከተለወጡለት፣ 12 ቮልት ለመስጠት መቻሉ ነው። የዲናሞ ቮልት ከፍጥነቱ ጋራ ይጨምራል፤ በ6 ላይ የሚገታው መቈጣጠሪያው ነው። ነገር ግን ባለ 12 የሆነው ዲናሞ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ካልዞረ መሙላት አይጀምርም፤ ስለዚህ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ባለ 6 ቮልቱ ሳይሻለው አይቀርም። መቈጣጠሪያው ከመታዘዙም በፊት የዲናሞው ካርቦኖች አለማለቃቸው ይታይ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ስፒድ ትዊን በተባለው ትራያምፍ ላይ አልተርኔተር ገባ። አልተርኔተር የሚሰጠው ተለዋዋጭ ፍሰት ስለ ሆነ ወደ ባትሪው ከመድረሱ በፊት በሬክቲፋየር መቅናት አለበት። የጥንቱ ሬክቲፋየር ከሴሌኒየም ሰሌዳዎች የተሠራ ነው፤ ሲያረጅም ፍሰቱን ያዳክማል። ዳዶው ሲጠብቅ የመካከሉ ብሎን ካልተያዘ ሰሌዳዎቹ ይጣመሙና ዕቃው ያን ጊዜውኑ ይበላሻል። በዛሬው የሲሊኮን ሬክቲፋየር መተካቱ ርካሽና ቀላል ነው።

ነጋዴን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው የሽቦ ቍጥር ነው። የቀድሞው አልተርኔተር ባለ አንድ ፌዝ ሆኖ ሳለ ሦስት ሽቦ ሊኖረው ይችላል፤ ሦስተኛው ሽቦ መብራት ሲበራ ተጨማሪ ጥቅሎችን ለማስገባት የተደረገ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው ደግሞ በእውነት ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሦስት ሽቦ አለው ተብሎ ብቻ የባለ ሦስት ፌዝ መቈጣጠሪያ ቢላክ፣ ዕቃው መመለሱ፣ የመጓጓዣውም ወጪ በነጋዴው ላይ መውደቁ ነው። ሞተሩ ሲዞር ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት እየተደረጉ በተለዋዋጭ ቮልት ሲለኩ፣ ሦስቱም ልኬት እኩል ከሆነ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ካልተስተካከለ ግን፣ መሣሪያው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ የቀድሞው ዓይነት ነው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባለ 12 ቮልቶቹ ላይ የገባው ዜነር ዲዮድ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ባዶ አሉሚኒየም ላይ ይታሰራል፤ በመካከሉ ቀለም ቢገባ ይቃጠላል። ሬክቲፋየርንና መቈጣጠሪያን በአንድነት የያዘው አዲስ ዕቃ ሲገጠም ግን ዜነሩ ይፈታል።

በእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች በአብዛኞቹ ላይ ከማሳ ጋራ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ይህም ከዛሬ ልማድ ተቃራኒ ነው። ከአዲሶቹ መቈጣጠሪያዎች አንዳንዱ ለሁለቱም ሲያገለግል፣ ሌላው ለአንዱ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ ተገልብጦ ቢታሰር ወዲያው ይሞታል። ደንበኛው የትኛው ጫፍ ከማሳ ጋራ እንደ ታሰረ በትእዛዙ ላይ ካልጻፈ፣ ዕቃው ከመላኩ በፊት ተመልሶ ይጠየቅ።