የሸራ መስቀያው ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ የእንግሊዙን የጦር መርከብ “ቪክቶሪ” በ1፡100 ልኬት በእንጨት እየሠራሁ ነው። ለሸራ መስቀያ አግዳሚ የገዛሁት ድቡልቡል ዘንግ ሳቀጥነው ጎበጠብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእንጨቱ እንጂ የእጅዎ አይደለም። በማሽን የወጣ ዘንግ ቃጫው ብዙ ጊዜ ሰያፍ ስለሚሄድ ሲቀጥን ይጎብጣል። ቃጫው ቀጥ ያለ እንጨት በቢላ ሰንጥቀው ይጀምሩ፤ ስንጥቁ ራሱ ቃጫውን ይከተላል። ዋናው አግዳሚ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መሃሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ጫፉ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አራት ጎን እንደሆነ ወደ ጫፎቹ ያቅጥኑት፤ ቀጥሎ ጠርዞቹን ልጠው ስምንት ጎን ያድርጉት፤ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ያድቦልቡሉት። መሃሉን ግን አደራ አይንኩት! በዘመኑ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያ ክፍል ስምንት ጎኑን እንደያዘ ነበር የሚቀረው።

መርከበኞቹ የሚቆሙበትን የእግር ገመድ በቀጠነ ኮላ ያርጥቡት፤ ወደ ታች ረግቦ ይደርቃል። ይህን ሁሉ አግዳሚውን ምሰሶው ላይ ሳይሰቅሉ ይጨርሱ።