ምዕራፍ 4፦ መዶሻ በክብደቱ ብቻ አይገዛም

መዶሻ ሊገዛ መደብር የገባ ሰው ሁለት ሦስቱን በእጁ መዘን መዘን ያደርግና ከበድ ያለውን ያነሣል። ከባዱ ሚስማሩን ቶሎ ያስገባል የሚለው ግምት ግን ግማሽ እውነት ነው። ክብደት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ያድጋል። 800 ግራም ራስ በሰከንድ 8 ሜትር ፈጥኖ ሲያርፍ ጉልበቱ 26 ጁል ገደማ ነው። 570 ግራሙ በ10 ሜትር ቢያርፍ ከ28 ጁል ያልፋል። ጠዋት ከባዱንም መወርወር አያቅትም። ከምሳ በኋላ ክንድ ሲዝል ግን የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው፤ ሚስማርም መጣመም የሚጀምረው ያኔ ነው።

በአሜሪካ የእንጨት ቤት ሠሪዎች የሚይዙት መዶሻ ከ570 እስከ 900 ግራም ይመዝናል፤ እጀታው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እዚያ ግድግዳው ወለል ላይ ተጋድሞ ይመታና በኋላ ይቆማል። አናጢው ክንዱን እንደ ልቡ ስለሚያወናጭፍ ርዝመቱ ይጠቅመዋል። መሰላል ላይ ቆሞ ማገር ለሚመታ ወይም አንገቱን አቅንቶ ኮርኒስ ለሚሠራ የእኛ አናጢ ግን ያው ርዝመት ወራጅ ለወራጅ የሚጋጭ ጣጣ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከ450 እስከ 570 ግራም፣ እጀታውም 33 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው ይበቃል ባይ ነኝ።

ፊቱ ጥርስ ጥርስ ያለው መዶሻ ከሚስማር ራስ ላይ አይንሸራተትም። ነገር ግን የሳተ ምት ጣውላው ላይ ማኅተም ያትማል፤ ለበርና ለመስኮት አይሆንም። አውራ ጣትንም አይምርም። ለስላሳውን ይምረጡ።

መንቀያው ጎበጥ ያለ ከሆነ ሚስማር ለመንቀል ይቀላል፤ ቀጥ ያለው ደግሞ በሁለት ጣውላ መካከል ገብቶ ይፈለቅቃል። ከኮንክሪት ላይ የፎርም እንጨት የሚያወልቅ ሰው ቀጥ ያለውን ይያዝ። ነቅሎና አቃንቶ ሚስማሩን መልሶ የሚጠቀም ከሆነ ግን የጎበጠው ይሻለዋል። ሲነቅል ከመዶሻው ራስ ሥር ቁራጭ እንጨት ቢያስገባ ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እጀታውም አይሰበርም።

ስለ እጀታ ብዙ የሚባል አለ። በኢሊኖይ ግዛት ሮክፎርድ ከተማ በ1923 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኤስትዊንግ ራስና እጀታን ከአንድ ብረት ቀጥቅጦ በመሥራት ታውቋል፤ እንዲህ ያለው መዶሻ ራሱ ወልቆ አይበርም። የእንጨት እጀታ ግን ንዝረቱን ስለሚውጥ ለክርን ይራራል፤ ሲሰበርም ከወይራ ተጠርቦ ይተካል። የእጀታውን ጫፍ ገልብጠው ይዩት፦ የእንጨቱ መስመሮች ከመምቻው ወደ መንቀያው አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። መስመሮቹ አግድም ከሆኑ ወይም እጀታው መሐል ላይ ተቆርጠው ወደ ጎን ከወጡ ይተዉት። የላላውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጥበቅ የተለመደ ዘዴ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ስለሚላላ ሽብልቁን መቀየር ይሻላል።

መደብር ውስጥ መዶሻን በመዶሻ መትቶ ጥንካሬ መፈተን የሚወድ ገዢ አይጠፋም። የደነደነ ብረት ሲጋጭ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላልና ይህን አያድርጉ። ይልቁንስ እጀታውን ከጫፉ ይዘው፣ ኮርኒስ እንደሚመቱ ሁሉ ከራስዎ በላይ ደጋግመው ያወዛውዙት። የእጅዎ አንጓ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ ቀለል ያለውን ይጠይቁ።