ከሳሎን ለጋቢና መብራት

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ባልባላ ነው የምኖረው። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከኢትዮጵያ ሲመጣ መኪናውን እኛው ግቢ አቁሞ ጋቢና ውስጥ ያድራል። ለቬንትሌተርና ለትንሽ ፍሪጅ ከሳሎን ኤክስቴንሽን እንዘረጋለታለን። የውጭ ሶኬት ብናስገባ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ኤክስቴንሽኑን ዛሬውኑ ይጠቅልሉት። በር ስር ያለፈ ገመድ ይላጣል፤ መኪናው ጎማ ላይ ስለቆመ ደግሞ ገላው መብራት ቢይዝ መጀመሪያ የሚያገኘው መሬት እጁን የዘረጋው ሰው ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሆነ መስመር ይሳብ፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከነመሬት ገመዱ፣ ባለ 16 አምፒር ብሬከር፣ ከሁሉም በላይ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ የሚቆርጥ ዲፈረንሲየል። በ220 ቮልት ይህ 3500 ዋት ያህል ይሸከማል፤ ለቬንትሌተርና ለፍሪጅ ተርፎ ይቀራል። ሶኬቱ አውሮፓ ውስጥ የካራቫን ማቆሚያዎች ላይ የሚገጠመው ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቢጎትቱት ቶሎ አይላቀቅም።

የጅቡቲ ትልቁ ጠላት ጨው ነው። የባሕሩ አየር የሶኬቱን ናስ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ግንኙነቱ ይላላል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የቆርቆሮ ሳጥን አይግዙ። አይፒ 66 የተጻፈበት ፕላስቲክ ይሁን፤ ብዙዎቹ ውሃ የማያስገቡት ክዳናቸው ሲዘጋ ብቻ ስለሆነ፣ ተሰክቶም የሚከደነውን ይጠይቁ። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ወንድምዎ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ጭኖ ቢመጣ ግን ኮንቴይነሩ እዚህ አይሰካም፤ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 400 ቮልት ገደማ ይፈልጋል።

ወንድምዎ ከመሰካቱ በፊት የዲፈረንሲየሉን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ። ካልቆረጠ አይስኩ፤ ባለሙያውን መልሰው ይጥሩት።